የበግ ያህል ጸጸት

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ስሙን ብጠራው "እዚያማ ዘመድ አለኝ" የሚል አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ከሰው ዘመድ ጋር መጣላት አልፈልግም። ሥራዬን ግን አልደብቅም፤ በወህኒ ቤቱ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። መንክር እባላለሁ። እስረኛው "ጋሽ መንክር" ሲለኝ ጨው በዝቷል ማለቱ ነው፤ "አባታችን" ሲለኝ ደግሞ ጭማሪ ፈልጎ ነው።

በዚያ አገር ጥፋት ክብደት አለው። ዳኛ ዓመት አይፈርድም፤ የሚፈርደው ኪሎ ነው። የተፈረደበት ሰው በወህኒው ግቢ ካለው ትልቅ ሚዛን ላይ ይወጣና ይመዘናል፤ ከዚያ የጥፋቱን ያህል ከገላው እስኪቀንስ ድረስ ይታሰራል። በግ የሰረቀ በግ ያህል ይቀንሳል፤ ዶሮ የሰረቀ ዶሮ ያህል። ሰው የሰደበ የምላስ ያህል ነው የሚፈረድበት፤ እሱማ አንድ ጉንፋን ከያዘው ወደ ቤቱ ነው። የመንግሥት ብር የበላ ደግሞ፣ ብሩ ወረቀት ስለሆነ ጠዋት ገብቶ ረፋዱ ላይ ይወጣል፤ ምሳዬን እንኳ ቀምሶልኝ አያውቅም። የሰው መሬት የቀማ ጭራሽ አይታሰርም። መሬት ሚዛን ላይ አይወጣማ! ሕግ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?

ተክሉ የሚባል በሬ ሰርቆ የገባ ሰው ነበር። በሬ ያህል መቀነስ አለበት፤ እሱ ራሱ ከነጫማው የበሬ ግማሽ አይሞላም። ጢሙ እዚያው በቀለ፣ እዚያው ሸበተ። "ጋሽ መንክር፣ እንደ ሕጉ ከሆነ እኔ ሙልጭ ብዬ ጠፍቼም የበሬው ጀርባ ይቀርብኛል" ይለኝና ይስቃል። ሳቁን ስሰማ ሆዴ ይባባል።

እስረኛው ምግብ እየተወ እንዳይከሳ ሌላ ሕግ ወጣ። በረሃብ የመጣ ክሳት የሐሰት ጸጸት ነው፣ እውነተኛ ጸጸት እየበሉ መክሳት ነው ተባለ። ሳህኑን ያላጸዳ ሰው የቀነሰው ኪሎ ተመልሶ ይታሰብበታል። ይኼ እንኳ ለእኔ ክብር ነበር። ወጡን በሕግ የሚበሉለት ወጥ ሠሪ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ሹም አፈ ሚዛን ይባላል። ሚዛን አፍ የለውምና እሱ ይናገርለታል።

በግቢው ታችኛው ጥግ ሙስሊም እስረኞች ነበሩ። ማን ያስታውሳቸዋል! ሲሰግዱ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይዞርና በቂብላ ይጨቃጨቃሉ። ልጅ ሆኖ ቁርአን የቀራው ረስቶታል፤ ያልቀራው ጭራሽ የሚያስቀራው የለም። አንድ ጊዜ ሰው ሞቶባቸው እንዴት አጥበው እንደሚከፍኑት የሚያውቅ ጠፋና ሬሳውን ከበው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያን ቀን ድስት አሳረርኩ።

ይህን ነገር ሰምቶ ነው ኡስታዝ ሙርሰል የመጣው። በከተማው መስጊድ ልጆች የሚያስቀራ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ጫማውን ባወለቀበት ረስቶ የሚሄድ ሰው ነው። አፈ ሚዛን ፊት ቀርቦ "ወንድሞቼን ሃይማኖታቸውን ላስተምራቸው" አለ።

"ትምህርትህ ያከሳል?" አለው አፈ ሚዛን።

"ኧረ እኔ እንጃ ጌታዬ። እኔስ ሳስተምር ወፍሬያለሁ።"

"እንግዲያው ይሞከራል።"

ደረሶቹ የሚላቸው ተማሪዎች ከትምህርቱ በፊት ተመዘኑ። ኡስታዙ ተቀመጠና ፋቲሓን፣ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ቃል በቃል አስቀራቸው። አንድ ሽማግሌ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ እናቱ በልጅነቱ ስታስቀራው ትዝ አለውና ተንሰቀሰቀ፤ እሱ ሲያለቅስ ሌላውም አለቀሰ። ከትምህርቱ በኋላ ሲመዘኑ የእንባቸውን ያህል ቀንሰው ተገኙ። ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲህ ኡስታዙ በየሐሙሱ ይመጣል። ከመስጊዱ ሰዎች ለምኖ መስገጃ አመጣ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያ አመጣ፣ ለታመመ መድኃኒት፣ ለበረደው ጋቢ አመጣ። ቂብላውንም አሳያቸውና ጭቅጭቁ ቀረ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከማድቤቴ መስኮት ሥር ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። የእኔ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ግን የሰው ልጅ ሲማር መስማት ደስ ይላል፣ ምን ክፋት አለው?

ከደረሶቹ ሁሉ ቀልቤ የሚሄደው ወደ ዘይኑ ነበር። ዘይኑ በግ ሰርቆ ነው የገባው። የዐረፋ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርድ የእሱ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሌላውን ቤት ሥጋ ያያሉ። ይህን መቻል አቃተው፤ ሄዶ ከአንዲት ባልቴት ግቢ በጉን ፈታ። እንደገባ ሰሞን "ለአላህ ብዬ ነው ያረድኩት" ይል ነበር። ኡስታዙ "ዘይኑ ወንድሜ፣ የተሰረቀ በግ ለአላህ ታርዶ ኡድሒያ አይሆንም እኮ" ሲለው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

በተፈጥሮው ቀጭን ነው፤ እንዲያም ሆኖ ታግሎ ታግሎ አብዛኛውን ቀንሷል። በእኔ ሙያ ልንገራችሁና፣ ከበጉ የቀረው ጭንቅላቱና እግሮቹ ብቻ ነበሩ። የሚያጣድፈውም ነገር ነበረው። ነጃት የምትባል ልጁ ታጭታለች። ኒካሕ የሚያስረው አባት ነው። አባት ካልተመቸው ሰው ይወክላል፤ ይኼ የታወቀ ነው፣ ኡስታዙም ነግሯታል። እሷ ግን አጥሩን ይዛ "አባዬ፣ አንተ ራስህ ካልዳርከኝ አልዳርም" ብላ ማለች። የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙ ጠብቀው ታክቷቸዋል፤ "ከረመዳን ዒድ ወዲያ አንጠብቅም" ብለዋል። የሚቀጥለው ምዘና የዒድ ዋዜማ ነው። ያን ቀን ከወጣ ልጁን ይድራል፤ ካልወጣ ነገሩ ይፈርሳል።

ረመዳን ሲቃረብ ኡስታዙ እንደገና አፈ ሚዛን ዘንድ ገባ። ጾም ሊያስፈቅድ ነው። አፈ ሚዛን ሕጉን ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ፣ ሳህኑ ይጽዳ ይላል እንጂ በምን ሰዓት ይጽዳ አይልም።

"ማታ ያጸዱታል?" አለ።

"ኧረ ጌታዬ፣ ይልሱታል!"

ተፈቀደ። ጣጣው ወደ እኔ መጣ፤ ገና ሳይነጋ ሱሁር ልሠራ ነው። አጉረመረምኩ፣ ድስት ወረወርኩ፣ ሠራሁ።

ወሬው ሲሰማ ግቢው ተናወጠ። "እስላሞቹ በሕግ ሊከሱ ነው!" ተባለ። ዶሮ የሰረቀውም፣ ፍየል የሰረቀውም ኡስታዙን ከበበው። ተክሉ ከሁሉም ቀድሞ "ኡስታዝ፣ እኔንም ቁጠረኝ። በወር ከበሬው ስንቱ ይወርድልኛል?" አለው።

ኡስታዙ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ግን አላፌዘበትም። "ተክሉ ወንድሜ፣ መጾም ካማረህ ጹም፣ ማን ከለከለህ? ለኪሎ ብለህ ሃይማኖት ከለወጥክ ግን አንተም ታፍራለህ፣ እኔም አፍራለሁ" አለው። ተክሉ ጾመ። የምሳዬ ሽታ እስኪደርሰው ድረስ ጾመ ልበላችሁ። ትምህርቱን ግን አልተወም፤ ሐሙስ ሐሙስ ከኋላ ይቀመጣል። "ድምፁ ደስ ይለኛል" ይላል።

በረመዳን የመጀመሪያው ሐሙስ ኡስታዙ ስለ ኒያ፣ ሰው በልቡ ስለሚያስበው ዓላማ፣ አስተማረ። "ሰው ሥራው የሚታሰብለት በኒያው ነው" አለ። "ለአላህ ብሎ የጾመ ምንዳው ከአላህ ነው። ለሚዛን ብሎ የጾመ ሂዶ ከሚዛን ይቀበል።" ይህን ብሎ ወደ ሌላ አለፈ። እኔ በመስኮት አየሁ፤ የዘይኑ ፊት አመድ መሰለ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ዘይኑ ሌላ ሰው ሆነ። ፀሐይ ጠልቃ ሲያፈጥሩ ድሮ ድርሻውን በልቶ የሚነሳ ሰው ሳህኑን ይዞ ይመለሳል። "ጨምርልኝ፣ ጋሽ መንክር።" የአጃ ሾርባ ይጨመራል። "ጨምርልኝ።" የመስጊዱ ሰዎች የሚልኩት ሳምቡሳ በሽ በሽ ነበርና ሳምቡሳ ይጨመራል። መጀመሪያ ኮራሁ፤ እጄ ጣፈጠው ብዬ። በኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው እንባው ሾርባው ውስጥ ይንጠባጠባል።

"ምነው ዘይኑ፣ ሾርባው ከፋህ እንዴ?"

"ኧረ ጋሽ መንክር፣ እጅህ ይባረክ፣ ማር ነው።"

"ታዲያ በማር ላይ ምን ያስለቅስሃል?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ቀን ሲርበኝ ደስ ይለኛል" አለኝ። "ለአላህ ብዬ እንዳይመስልህ። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ሚዛኑ ይታየኛል፣ ነጃት ትታየኛለች። ኒያዬን አበላሸሁት። ስለዚህ ቀን የቀነስኩትን ማታ መልሼ እበላዋለሁ። ለሚዛኑ ምንም ካልቀረለት ጾሜ የአላህ ብቻ ይሆናል።"

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰው፣ ጤና የለህም! ልጅህስ?"

"ልጄን..." ብሎ ጀመረና ተወው። ሳምቡሳውን አነሳና ጎረሰ። እንደዚያ እየመረረው የሚበላ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ያን ማታ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ፤ በእኔ ላይ ደግሞ ሕጉ አይሠራም።

እስከ ሐሙስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ኡስታዙ ገና ከበር ሲገባ ጭልፋዬን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ቆምኩበት። "ምንድን ነው ያስተማርከው? ሰውየው በሳምቡሳ ራሱን እያሰረ ነው!" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ኡስታዙ አልተቆጣም። ማድቤት ገብቶ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

"ግማሹን አስተምሬ ሄድኩ" አለ። "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግማሹን ብቻ። ጥራልኝ እስቲ።"

ዘይኑ መጣ። ኡስታዙ እጁን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠው።

"ጾምህን አላህ ይቀበልህ። ልጅን ማሰብ ኒያ አያበላሽም፣ ዘይኑ። አባትነት ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የበጉን ባለቤት ዐውፍ በይኝ ብለሃታል?"

ዘይኑ ግራ ገባው። "ለሚዛኑ እየከፈልኩ አይደል እንዴ?"

"በጉ የሚዛኑ ነበር?"

እኔ ጭልፋዬ ከእጄ ወደቀ። በዚያ ግቢ ስኖር ይህን ጥያቄ ማንም ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ዳኛው አልጠየቀ፣ አፈ ሚዛን አልጠየቀ፣ እኔም ወጤን ከማማሰል በቀር አልጠየቅሁ።

"ተውባ ማለት ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግመኛ ላይመለሱ መቁረጥ ነው" አለ ኡስታዙ። "የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ፣ ካልሆነም ይቅርታ መጠየቅ። ሐቁ የእሷ ነው። ሚዛኑ ሊምርህ አይችልም፤ ምን አድርገኸው?"

"ፊቷን በምን ዓይኔ አያለሁ?" አለ ዘይኑ።

"በዚሁ ባለቀሰው ዓይንህ። አንተ መሄድ አትችልም፤ እኔ ሄጄ እለምናታለሁ።"

ባልቴቲቱ እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። ኡስታዙ ሰፈር ለሰፈር ጠይቆ አገኛቸው። መጀመሪያ በሩን ዘጉበት። ሁለተኛ ሲሄድ ሰደቡት። ሦስተኛ ሲሄድ ጫማውን በራቸው ላይ ረስቶ በካልሲ ሲመለስ አዩትና ሳቃቸው መጣ፤ ጠርተው አስገቡት። "እንግዲህ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ፤ ምን እንደምለው ግን ቃል አልገባም" አሉት።

የዒድ ዋዜማ ደረሰ። ግቢው ሞላ። ነጃት ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ የእጮኛዋ ሽማግሌዎችም ከጀርባዋ። ጾመኞቹ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ወጡ።

አቤት ጉድ! ሁሉም ወፍረዋል። ወር ሙሉ ማታ ማታ ሳምቡሳ፣ ቴምር፣ የእኔ ሾርባ... ምን ያድርጉ? አንድ እንኳ የቀነሰ የለም። አፈ ሚዛን ሰማይና ምድር ዞረበት። "ጾመው ወፈሩ!" አለ። "እዚሁ ውስጥ ሆነው አዲስ ጥፋት ሠርተዋል ማለት ነው። ትምህርቱ ኃጢአት ያበዛል። አስተማሪው ከእንግዲህ ወዲያ እንዳይገባ!"

ዘይኑ መጨረሻ ወጣ። የበጉ ሁለት ጭን ተመልሶበታል። ወደ አጥሩ አንዴ አየና አንገቱን ደፋ። ነጃት "አባዬ!" ብላ ጮኸች።

በዚህ መሐል እትዬ ደብሪቱ መቋሚያቸውን እያንኳኩ ገቡ። "የታለ በጌን የበላው?"

ዘይኑ ከሚዛኑ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። "እኔ ነኝ፣ እናቴ። በግዎን ሰርቄ ልጆቼን አበላሁ። ምንም ምክንያት የለኝም። ለአላህ ብለው ዐውፍ ይበሉኝ።"

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩት። "ያንን በግ እናቱ ሞታበት በጡጦ ነው ያሳደግኩት" አሉ። "ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ ግቢዬ ጭር እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው መጥቶ አዝነሻል ወይ አላለኝም። ዳኛው ኪሎውን ጠየቀኝና አሰናበተኝ።" ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። "ይቅር ብዬሃለሁ። ሰምተሃል? ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ተነስ ከመሬት።"

ኡስታዙ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እኔም ሽንኩርት አልያዝኩም ነበር።

አፈ ሚዛን ጉሮሮውን ጠራረገ። "እትዬ፣ ይቅርታ ክብደት የለውም። ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ በሕግ የለም። ካላመኑ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡትና እንየው።"

"ቆይ እስቲ" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "በዚህ ሰው ላይ የተፈረደው የበጌ ኪሎ ነው አይደል?"

"ነው።"

"አሁን ሳምቡሳ ሳይበላ በፊት አብዛኛውን ከገላው ወስዳችሁ ነበር አሉ።"

"ትክክል ነው። ከጭንቅላቱና ከእግሮቹ በቀር።"

"ታዲያ የታለ?"

"ምኑ?"

"በጌ ነዋ! በእኔ በግ ስም ከሰው ገላ የወሰዳችሁት ሥጋ የት ገባ? ለእኔ ቋንጣ እንኳ አልደረሰኝም!"

አፈ ሚዛን ወደ ጸሐፊው ዞረ፤ ጸሐፊው ወደ ግምጃ ቤቱ ሹም ዞረ። የግምጃ ቤቱ ሹም ሮጦ ሄዶ መጋዘኑን ከፍቶ አየና ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ሁላችንም፣ ክፋት አስበን ሳይሆን እንዲያው ዓይናችን ሄዶ፣ የአፈ ሚዛንን ሆድ አየን። ሲሾም ሸንቃጣ ሰው ነበር። አንድ ለሥራው ታማኝ የሆነ ዘበኛ ሚዛኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና "ጌታዬ፣ ይወጡበታል?" አለው።

አፈ ሚዛን ላቡ ችፍ አለ። "ሚዛኑ ተበላሽቷል!" ብሎ ጮኸ። "ለጥገና ተዘግቷል! ለመሣሪያው ደኅንነት ሲባል አሁን ሚዛኑ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባስቸኳይ ግቢውን ለቆ ይውጣ!"

ሚዛኑ ላይ ማንም አልነበረም። ዘይኑ እታች ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያል። እትዬ ደብሪቱ በመቋሚያቸው ጎኑን ወጋ አደረጉት። "ውጣ እንጂ! ምን ይገትርሃል?" ዘይኑ ዘሎ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ በበሩ ሮጠ። ነጃት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌዎቹ እንኳ እንባቸውን መደበቅ አቃታቸው።

በዒዱ ማግስት ኒካሑ ታሰረ። የሠርጉን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ሕግ ሳያስገድደው ሳህኑን አጽድቶ ሲነሳ አየሁና ኮራሁ። ዘይኑ የሙሽራውን እጅ ይዞ "ልጄን ድሬልሃለሁ" ሲል ድምፁ ስለተሰበረ ደገመው። እትዬ ደብሪቱ ከእናቶቹ መሐል ተቀምጠው ከሁሉ በላይ እልል አሉ።

ሚዛኑ እስከ ዛሬ ጥገና ላይ ነው። ኡስታዙ እንዳይገባ የተባለው ትእዛዝ በዚያ ግርግር ተረሳ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሲመጣ ዘይኑ መስገጃውን ተሸክሞ አብሮት መጣ። ግቢው እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ ሙስሊሙም፣ ሌላውም። ስለ ኪሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዶሮ የሰረቀው "የዶሮዋ ባለቤት ከወንዙ ማዶ ናት፣ ትለምኑልኛላችሁ?" አለ። ፍየል የሰረቀውም ተነስቶ የባለቤቱን ሰፈር ተናገረ። ኡስታዙ ሁሉንም "እሺ፣ ኢንሻአላህ" ይላል።

ተክሉ ከኋላ እንደተቀመጠ ነበር። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ተነሳ። "ኡስታዝ፣ እኔንስ?"

"አንተንማ! የማን በሬ ነበር?"

ተክሉ አፉን ከፈተ። ያ ሳቁ ሊመጣ ሲል ከፊቱ ጠፋ። የበሬውን ክብደት በእንቅልፉ ብትጠይቁት ያውቀዋል፤ ያረጀበት ነው። "የማን እንደነበረ..." አለ፤ "ጠይቄ አላውቅም።" ሽበታም ጢሙን በሁለት እጁ ሸፍኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ኡስታዙ በሰው መሐል አልፎ ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ። "ከየት ነበር የነዳኸው?" አለው ቀስ ብሎ። "ቦታውን ብቻ ንገረኝ። ዘይኑና እኔ ከዚያ እንጀምራለን።"